የእህቴን ብሎን ፍለጋ አስመራ ድረስ

አስመራ የሄድኩት ካቻቪቴ ፍለጋ ነው። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ካቻቪቴ የጠፋ ይመስል ሦስት ቀን በአውቶቡስ ሄጄ ሦስት ቀን ተመለስኩ። ከመጣሁ ወዲህ የሥራ ጓደኞቼም ጎረቤቶቼም "አስመራ እንዴት ነው?" እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም ግማሹን ነግሬ ግማሹን እውጠዋለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሁሉንም በቅደም ተከተሉ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራዬ ሆስፒታል ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ መሣሪያ አጥባለሁ፣ እቀቅላለሁ፣ እስላለሁ፣ ለሐኪም አቀብላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች ባለቤቷ በስልክ ሥራ አስመራ ተመድቦ ሳለ እዚያ ኖራለች። አንድ ቀን ከምጽዋ ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ነፋሲት አጠገብ ተገለበጠና ጭኗ ተሰበረ። አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ከፍቶ አጥንቱን በብረት ሳህንና በስድስት ብሎን አጋጠመላት። ዳነች፣ ተራመደች፣ ወደ አዲስ አበባም ተመለሱ። በአራተኛው ዓመት ግን ጭኗ ያብጥ ጀመር። ቆዳው ጠቆረ፤ ቁስል አይደለም፣ ከውስጥ ቀለም የፈሰሰበት ወረቀት ነው የሚመስለው። "ሚስማር የጎረስኩ ይመስለኛል" ትላለች፤ ምግብ ሁሉ ብረት ብረት ይላታል።

የሆስፒታላችን ሐኪም ራጁን መስኮት ላይ ለጥፎ አየው።

"ብረቱ መውጣት አለበት" አለኝ። "ግን እነዚህን ብሎኖች ተመልከት። ስንጥቅ የላቸውም፣ መስቀል የላቸውም። በምን እንደሚፈቱ አላውቅም። ሳላውቅ ከፍቼ ብገባ ሳህኑን ለማላቀቅ አጥንቱን መፈልፈል ሊኖርብኝ ነው። በዚህ እብጠት ላይ ያንን ካደረግኩ እግሯ አይተርፍም። የሠራውን ሰው ፈልግልኝ። ከምን እንደተሠራም ጠይቅልኝ። ቶሎ በል።"

ፈቃድ ወሰድኩ። ስሰናበታት እትዬ ዘነበች እግሯን በትራስ ላይ አስደግፋ፣ "ሐኪሙን ካገኘኸው አራት ዓመት ተራምጄበታለሁ በለው፤ እንዳትወቅሰው" አለችኝ።

አንደኛው ቀን።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ራሱን በመስኮት አውጥቶ፣ መንገዱን በዳበሳ ነው የሄደው። ከዋሻው ወዲያ ብርሃን ሆነ፤ ቁልቁለቱን ወርደን ሙቀት ገባን፤ እንደገና ወጥተን ደሴ አመሸን። ያደርኩበት ሆቴል ባለቤት ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሰፊ ሴት ናቸው። ሾርባ ሰጥተውኝ እየጠጣሁ ራጁን ከወረቀት ፖስታው ሳወጣው አዩት። የሄድኩበትን ነገርኳቸው። ጠዋት ስወጣ ከአሮጌ አቡጀዲ የሰፉትን፣ ማንጠልጠያ ያለው ከረጢት ሰጡኝ። "የሰው አጥንት በወረቀት አይያዝም" አሉ።

ሁለተኛው ቀን።

ከደሴ መቀሌ። አላማጣ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ግራ ካሱን ስንወጣ ሞተሩ ፈልቶ ሁለት ጊዜ ቆምን። አቧራ ከመብላት በቀር የምጽፈው የለም።

ሦስተኛው ቀን።

ከዛላምበሳ ወዲያ አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ጨዋታ ቀዘቀዘ። ሰንዓፈን እንዳለፍን ወታደሮች አስቆሙን። ሁላችንም ወርደን ዕቃችንን ዘረገፍን። አንዱ ወታደር፣ የአገሬ ልጅ ነው፣ ራጁን አውጥቶ ወደ ፀሐይ አነሳው። ነጩን አጥንትና በላዩ የተሰለፉትን ብሎኖች ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"የማን ነው?"

"የእህቴ።"

"በሕይወት አለች?"

"አለች።"

"ታዲያ አጥንቷን አንተ እንዴት ያዝክ?" አለና ሳልመልስለት ከረጢቱን እጄ ላይ ጥሎ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ወደ ወንበራችን ስንመለስ ተሳፋሪው ሁሉ ያየኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ አስመራ ድረስ ማንም በአማርኛ አላናገረኝም።

አመሻሽ ላይ ገባን። አስመራን ለማያውቅ ሰው የምነግረው መጀመሪያ ጸጥታዋን ነው። አዲስ አበባ ጩኸት ናት፤ ሻጩ ይጮኻል፣ ወያላው ይጮኻል፣ አህያው ይጮኻል። እዚህ ሰው በሳይክል ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል፤ መንገዱ የተጠረገ ነው፤ ሁለት ሰዎች ቡና ቤት በር ላይ ሲነጋገሩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ቃላቸው አይሰማም። ከምሥራቅ፣ ከገደሉ ሥር፣ ጉም ይወጣና ዘንባባዎቹን ከወገባቸው በላይ ይቆርጣቸዋል። ጥራቮሎ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ትንሽ ቡና ቤት በስተጀርባ ክፍል ተከራየሁ። ባለቤቱ ሻሂ አምጥቶልኝ፣ ብርድ ልብስ ደርቦልኝ፣ ሳይናገር ወጣ። ሲወጣ ግን በሩን እንዳይንቋቋ ብሎ በሁለት እጁ ነው የዘጋልኝ።

አራተኛው ቀን።

እህቴ የታከመችበት ሆስፒታል ሄድኩ። አንድ ሸምገል ያሉ መዝገብ ያዥ ራጁን አዩና "ሐኪሙ ወደ አገሩ ገብቷል" አሉኝ። "ብረቱን ግን እሱ አልሠራውም። ከሮማ የሚመጣው ሲዘገይበት ሬናቶ ጋ ነበር የሚያሠራው።"

ሬናቶ ማን እንደሆነ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። አባቱ ጣሊያን እናቱ ኤርትራዊት፣ ሙያው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት። ለጥርስ የሚያቀልጠው ብረት ኮባልትና ክሮም የሚባሉ ማዕድናት የተደባለቁበት ነው፤ በምራቅ አይዝግም፣ ሥጋ አይጠላውም። ሐኪሙም፣ አፍ ውስጥ ሃያ ዓመት የሚቆይ ብረት ጭን ውስጥስ ለምን አይቆይም ብሎ ሳህን እንዲያቀልጥለት ጠየቀው።

"አለ?" አልኳቸው።

"ቤቱ ገዛ ባንዳ ሰፈር ነው። ሂድና ጠይቅ፣ ሓወይ" አሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው።

ገዛ ባንዳ ቅርብ ነበር። በየማዕዘኑ ጠየቅኩ። ሰዎች መጀመሪያ አማርኛዬን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ከረጢቱን ያያሉ፤ ከዚያ በጣታቸው ያሳያሉ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ሳያስቀምጥ በመቀሱ አሳየኝ። በመጨረሻ አረንጓዴ መዝጊያ ያለው ዝቅ ያለ ቤት ደረስኩ። አንዲት ነጭ የለበሱ አሮጊት ከፈቱልኝ። ወይዘሮ ለተብርሃን ይባላሉ።

"ሲኞር ሬናቶ አሉ?"

"ኣለዉ" አሉኝ። አለ ማለታቸው ነው። "ንዓ፣ ግባ።"

ጠባብ ኮሪደር አለፍን። የመጨረሻውን በር ሲከፍቱ ሙቀት ፊቴን መታኝ። ውጭው ብርድ ነው፣ ክፍሉ ግን የሰው ገላ ያህል ይሞቃል። መሀል ወለሉ ላይ የላምባ ምድጃ ይነዳል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነው፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ጥርስ። የጀሶ መንጋጋ፣ ላይኛውና ታችኛው፣ በመቶ የሚቆጠር፤ የአስመራ ሰው አፍ ሁሉ እዚያ ተደርድሮ ይገጥጣል። መስኮቱ አጠገብ የሥራ ጠረጴዛና ወንበር አለ። ወንበሩ ባዶ ነው።

"የት ናቸው?"

እጃቸውን ወደ ወንበሩ ዘረጉ። "ሁለት ዓመት ሆነ፣ ወደይ፣ ልጄ" አሉ በተሰባበረ አማርኛ። ያኔ ነው ሰውየው መሞቱ የገባኝ።

ለመውጣት ስዞር ከመንጋጋዎቹ በታች ያለውን አየሁ። የማርማላታ ጠርሙሶች ናቸው፤ ክዳናቸው በሰም የታሸገ፣ ውስጣቸው ውሃ። በእያንዳንዱ ውሃ ውስጥ የጣት ያህል ቁራጭ ብረት ከሁለት ብሎኖች ጋር ተቀምጧል። በእያንዳንዱም ላይ የሰው ስም ተለጥፏል። አንዳንዱ በላቲን፣ አንዳንዱ በግዕዝ ፊደል። ውሃው የምንጭ ውሃ ይመስል ጥርት ያለ ነው። ከታች፣ ምድጃው አጠገብ ያለው አንዱ ብቻ ጠቁሯል። የጠቆረ ቡና መልክ ያለው ውሃ፣ ከሥሩ ዝቃጭ። ጎንበስ ብዬ ስሙን አነበብኩት። ዘነበች ይላል።

ገና ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ስሜንም አልጠየቁኝም። ወይዘሮ ለተብርሃን ግን በጣታቸው ጠርሙሱን ነኩና፣

"ይህቺ ሴትዮ ታማለች፣ ኣይደል?" አሉኝ።

ባዶው ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል ክንዴን ያዙኝና ሌላ ወንበር አመጡልኝ።

አምስተኛው ቀን።

ጠዋት ስመለስ የእህታቸውን ልጅ ጠርተው ጠበቁኝ። ኣልጋነሽ ትባላለች፤ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። አማርኛዋ የመጽሐፍ ነው፣ ከእኔ የተሻለ፤ ብቻ ሐ እና ዐን ከጉሮሮዋ አውጥታ ትላቸዋለች። መጀመሪያ ቀዝቀዝ አለችኝ። "ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይህን በር ሲያንኳኳ ጎረቤት ይደነግጣል" አለች። ራጁን ካሳየኋት በኋላ ግን ከጎኔ ተቀመጠች።

የጠርሙሶቹን ነገር እሷ ነች ያስረዳችኝ። ሬናቶ ለአንድ ሰው ሳህን ሲያቀልጥ ከዚያው ብረት ቁራጭ ትራፊና አጥረው የተበላሹ ሁለት ብሎኖች ያስቀር ነበር። የሰው ሰውነት ውስጡ ጨዋማና ሙቅ ነው። ስለዚህ ቁራጩን በጨው ውሃ ውስጥ አድርጎ ክፍሉን ሌት ተቀን ያሞቀዋል። በሰውየው ውስጥ የሚሆነውን ሳይከፍት ለማየት ነው። እሱ ሲሞት ሚስቱ ወይዘሮ ለተብርሃን ቀጠሉ። በየቅዳሜው አንድ በአንድ ከፍተው የጎደለውን በፈላ ውሃ ይሞላሉ፤ ጨው አይጨምሩም፣ ጨው አይተንምና። እየሞሉም የእያንዳንዱን ሰው ስም ይጠራሉ።

"ለምን ይጠሩታል?" አልኳት።

ኣልጋነሽ ጠየቀቻቸው። መልሱን ስትተረጉም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለማየት ነው ይላሉ። የጤነኛ ሰው ውሃ ስሙ ሲጠራ አይነቃነቅም።"

ከእህቴ ጠርሙስ ሥር የታጠፈ ወረቀት ነበር፣ በጣሊያንኛ የተጻፈ። ኣልጋነሽ እያነበበች ነገረችኝ። ሬናቶ የጻፈው ለራሱ ነው። ብሎኑን የጫነው መርከብ ዘገየ። ሐኪሙ ሴትዮዋ አትጠብቅም አለ። አራቱን ብሎን ከሳህኑ ብረት አቀለጠ፤ ለሁለቱ ግን ማዕድኑ አልበቃውምና ከተራ ብረት ቆረጠ፣ በክሮም ለበጣቸው። ልባጡ ካልተላጠ ምንም አይሆንም። ከተላጠ ግን ሁለት ዓይነት ብረት በጨው ውሃ ውስጥ ሲነካካ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሆናል፤ አንዱ አንዱን ይበላዋል። ወረቀቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ከታች በሌላ ቀለም፣ በተንቀጠቀጠ እጅ፣ "ጠቆረ" የሚል አንድ ቃል አለ።

"ሲጠቁር ቤቷ ሄዶ ነበር" አለች ኣልጋነሽ። "ወደ ኣዲስ ኣበባ ተዛውረዋል አሉት። አድራሻ የሚያውቅ ጠፋ። ሁለት ወር ፈለገ። ከዚያ ታመመ።"

ልናደድበት ፈለግኩ። የእህቴን እግር የበላው ብረት በእጁ የተሠራ ነው። ግን እህቴ አትውቀሰው ያለችው ትዝ አለኝ።

ካቻቪቴውን ጠየቅኩ። የብሎኖቹ ራስ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፤ ሬናቶ ራሱ የፈለሰፈው። የሚፈታበት ካቻቪቴ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም ሐኪሙ ይዞት ሄዷል። እንግዲያው ጠርሙሱን ስጡኝ፣ ብሎኑን አይቼ አስቀርጻለሁ አልኩ። ወይዘሮ ለተብርሃን ከተቀመጡበት ተነሱ።

"ኣይፋል" አሉ። አይሆንም ነው። ቀጥለው በትግርኛ ብዙ ተናገሩ።

"ከውሃው ከወጣች ምን እንደምትሆን አላውቅም ነው የሚሉት" አለች ኣልጋነሽ። "ሬናቶ በሕይወት ሳለ ድመት አንድ ጠርሙስ ጥላ ነበር። ስሙ የተጻፈበት የከረን ሰው ነው፣ ሹፌር። በሦስተኛው ቀን ሞቱ ተሰማ።"

"በብረቱ ምክንያት?"

"የለም። መኪና ተገልብጦ።" ትንሽ ቆየችና፣ "ሬናቶ አጋጣሚ ነው ብሎ ነበር። ሓትኖይ፣ አክስቴ፣ ግን ከዚያ ወዲህ ድመት ኣላሳደጉም" አለች።

አሥራ አንድ ዓመት ሆስፒታል የሠራሁ ሰው ነኝ። የተቆረጠ እግር ተሸክሜ አውቃለሁ። ይህን ሰምቼ መሳቅ ነበረብኝ። ግን ያቺን የጠቆረች ጠርሙስ አንስቼ ልወጣ እችላለሁ ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጥራቮሎ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ጉሙ ወርዶ ነበር። ፌርማታው ላይ የቆሙት ሰዎች አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ቆመዋል። አንደኛው ሸምበቆ የመሰለ ሽማግሌ ሲራመድ ግራ እግሩን ይስባል። ስሙ ከእነዚያ ጠርሙሶች በአንዱ ላይ ይኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ማዕዘን ጀምሮ የማየውን ሰው ሁሉ አካሄድ እያየሁ ነው የገባሁት።

ስድስተኛው ቀን።

ሐሙስ ነበር። ስደርስ ወይዘሮ ለተብርሃን በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በእጃቸው ሮዝ ሰም ይዘዋል፣ የጥርስ ልክ የሚወሰድበት።

"ሳናወጣት ልኳን እንወስዳለን" አሉኝ በኣልጋነሽ አፍ።

ለካ ሃያ ስድስት ዓመት ከባላቸው ጋር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሰሙን እምድጃው ላይ አሞቁ፣ በጣታቸው እንደ እህል ፍሬ አሾሉት። የጠርሙሱን ክዳን ከፈቱ። ሽታው የዝገት ብቻ አልነበረም፤ ቁስል ስንከፍት የማውቀው ሽታ አለው። ሰሙን በወረንጦ ይዘው ጥቁሩ ውሃ ውስጥ አስገቡና ካልጠቆረው ብሎን ራስ ላይ ጫኑት። ትንፋሻቸውን ያዙ። እኔም ያዝኩ። ሲያወጡት የሰሙ ጫፍ ጥርት ያለ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኗል።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ከሬናቶ መሣሪያዎች አንድ አሮጌ የጥርስ መቆንጠጫ ዘንግ መረጡልኝ፤ እሱን በብረት ማሰሪያው በሞርሳ አስሬ በሞረድ በሰሙ ልክ መቅረጽ ነው። ሽርጡን አምጥተው ራሳቸው ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። ከትናንት በስቲያ ያልፈቀዱልኝን ወንበር በእጃቸው ሳቡልኝ። የተቀመጠበት ቦታ ጎድጉዷል፤ ቅርጹ ልክ የእኔ ሆነ። ቀና ስል ከፊቴ ያ ሁሉ ጥርስ ነው። እሞርዳለሁ፣ በሰሙ እለካለሁ፣ እንደገና እሞርዳለሁ። ወይዘሮ ለተብርሃን ከኋላዬ ቆመው ድምፁን ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ ሞረዱ ሲንሸራተትብኝ፣ "ቀስ፣ ሬናቶ" አሉ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ተሳስቻለሁ አላሉም። እኔም አላረምኳቸውም።

ካቻቪቴው ሲያልቅ በጠርሙሱ መሞከር ነበረበት። ሞክር ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ውሃው ውስጥ አስገባሁት። ውሃው ሙቅ ነው። ጫፉን ብሎኑ ራስ ላይ ሳሳርፈው ጥርስ ለጥርስ ገጠመ። በልምድ፣ ሳላስብ፣ ጠመዘዝኩት። ሩብ ዙር ያህል።

"ኣይትጠምዝዝ!" ብለው ጮኹና እጄን ያዙኝ። እኚያ ዝምተኛ ሴት ሲጮኹ ስሰማ መጀመሪያዬ ነው። በዚያው ቅጽበት የካቴድራሉ ደወል መታ፤ ዘጠኝ ሰዓት። ቀስ ብዬ እጄን አወጣሁ። ውሃው ለብቻው ሲዞር ቆይቶ ረጋ።

ያን ዕለት ማታ ጠርሙሷን ከነወረቀቷ ፈቀዱልኝ። ቃል አስገብተውኝ ነው። ከውሃው የምትወጣው እህቴ ስትከፈት ብቻ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሰዓት። ቃል ገባሁ። ኣልጋነሽ የእጇን መሀረብ ጠርሙሱ ላይ ጠመጠመች።

"የቐንየለይ" አልኳቸው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው፣ ካወቅኋቸው ጥቂት የትግርኛ ቃላት አንዱ። ወይዘሮ ለተብርሃን ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ።

ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ቀን።

ስመለስ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፌ ነው የተጓዝኩት። ፍተሻው ላይ ሌላ ወታደር ነበር፤ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና መልሶ ዘጋው፤ አሳለፈኝ። መቀሌ ላይ ደህና አደርኩ። ከማይጨው ወዲህ ግን መንገዱ ሲያነጥረን ሰሙ ተሰንጥቆ ኖሮ ደሴ ስደርስ መሀረቡ ረጥቧል። ውሃው በሁለት ጣት ጎድሎ የብሎኑ ጫፍ ብቅ ብሏል። ወይዘሮ አስካለን ባላገኝ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ነገሩን እንደምንም ስነግራቸው ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ውሃ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ በሻይ ማንኪያ እያንጠባጠቡ ሞሉልኝ፣ የሻማ ሰምም አቅልጠው አሸጉልኝ። "ስሟን ማን አልከኝ?" አሉ በመጨረሻ። ነገርኳቸው። እሳቸውም ጠርሙሱን እያዩ ቀስ ብለው "ዘነበች" አሉ።

በዘጠነኛው ቀን ማምሻውን እህቴ ቤት ገባሁ። ጠርሙሱን ከመፍታቴ በፊት፣ ገና ቁጭ ሳልል፣ ባለቤቷ ነው የጀመረው።

"ሐሙስ ዕለት አስደንግጣን ነበር። ምሳ በልታ ተጋድማ ሳለ ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ መጣ።"

"አንድ ሰው ጭኔ ውስጥ እጁን ከትቶ የጠመዘዘኝ ነው የመሰለኝ" አለች እትዬ ዘነበች። "አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ተወኝ።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"ዘጠኝ ሰዓት" አለ ባለቤቷ፤ "ሬዲዮ ከፍቼ ነበር።"

የያዝኩትን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ያን ዕለት አልነገርኳትም።

የሆስፒታላችን ሐኪም ካቻቪቴውን አይቶ በእጁ መዘነ፣ ወረቀቱን አስተረጎመ፣ ተደሰተ። ስለ ጠርሙሱና ስለ ቃሌ ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀና "ማወዳደሪያ ይሆነኛል፣ አምጣው" አለ። ቀጠሮው ማክሰኞ ሆነ። ካቻቪቴውን የቀቀልኩት እኔ ነኝ፣ ያቀበልኩትም እኔ። ጭኗ ሲከፈት በሁለቱ የተለበጡ ብሎኖች ዙሪያ ሥጋው እንደ ቀለም ብልቃጥ ጠቁሯል፤ ክሮሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። በአራቱ ዙሪያ ግን ሥጋው ቀይና ንጹሕ ነው። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ብሎን ሲጠመዝዝ፣ እኔ ከጎን ካለው ጠረጴዛ ላይ ቁራጩን ከጠርሙሱ አወጣሁት። ምንም አልሆነም። እህቴ በእርጋታ ትተነፍስ ነበር። አምስቱ ብሎኖች እሺ ብለው ወጡ። ስድስተኛው፣ ከተለበጡት አንዱ፣ አናቱ ተሰበረ፤ ሐኪሙ ዙሪያውን ፈልፍሎ አወጣው። የጠርሙሱን ብሎን ወዲያው አየሁት። አልተሰበረም፣ እንዳለ ነበር። ሁሉም ነገር አልገጠመም ማለት ነው፤ ይህንንም ደብቄ ልተወው አልፈለግኩም።

ሦስት ወር በጀሶ ተኛች። ተነሳች። ትንሽ ታነክሳለች፤ ምርኩዝ ትይዛለች። የብረቱ ጣዕም ከአፏ ጠፍቷል። ለወይዘሮ ለተብርሃን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እህቴ መዳኗን፣ ቃሌን መጠበቄን ገለጽኩ። መልሱን የጻፈችው ኣልጋነሽ ናት። ያቺ ባዶ ቦታ በመደርደሪያው ላይ እንዳለች ናት ትላለች። ከፋሲካ በኋላ ግን ሁለት ሌሎች ጠርሙሶች መጥቆር ጀመሩ። አክስቷ በዚህ ጊዜ አልጠበቁም። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ይዘው፣ ከእሷ ጋር ቤት ለቤት ጀመሩ። አንደኛዋን ሴት ፓራዲዞ ሰፈር ልጆቿ መሀል ተቀምጣ አገኟት፤ "ገና ምንም አልተሰማኝም" ብላ ሳቀች፤ ሆስፒታል ወሰዷት። ሁለተኛው ሰው አስመራ የለም። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል ይላሉ፤ አድራሻውን የሚያውቅ ጠፋ።

ደብዳቤውን ለእትዬ ዘነበች አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ፣

"የሾፌሩን ስም ጻፍልኝ" አለች።

በቁራጭ ወረቀት ጻፍኩላት። ምርኩዟን ከበሩ ኋላ አነሳች፣ ነጠላዋን ጣል አደረገች፣ ወደ ከባድ መኪና መናኸሪያው ወጣች። ልሸኝሽ ብላት እምቢ አለች። እስከ መንገዱ ማዕዘን ድረስ ስትሄድ አየኋት፤ የመጀመሪያውን ሾፌር አስቆማ ወረቀቱን ስታሳየው።